ተመለሱ የሚል ጥሩምባ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ራዲዮውን እንደገና ሰማሁት። ቅጂውን ከጣቢያው ልጆች ለምኜ በስልኬ አስጭኛለሁ። እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ቃል በቃል ገለበጥኩ። የኢንጂነር ዮናስ ድምፅ ረጋ ያለ ነው። ቁርሱን በልቶ የመጣ ሰው ድምፅ። «በጎ ፈቃደኞች ነን ብለው በራሳቸው ጊዜ የመጡ ግለሰቦች እንዲወርዱ ቢነገራቸውም ትእዛዙን ባለማክበራቸው ለተጨማሪ ጉዳት ተዳርገዋል።»

ግለሰቦች። ወንድሜ ማቴዎስ ግለሰብ ሆነ።

ደብተሬ፣ ከቀብሩ ወዲህ አልጻፍኩብህም፤ አታውቅም። ባጭሩ ልንገርህ። መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ከጨንቻ በላይ ዞሎ በምትባል መንደር ተራራው ተናደ። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቀበሩ። ማቲ አርባ ምንጭ ሲቀላ ያለውን ጋራዡን ዘግቶ፣ ሰንሰለትና ማንሻውን ይዞ ሄደ። የላከው የለም። ከሰዓት በኋላ ተራራው ዳግመኛ ተናደና ቆፋሪዎቹን ቀበረ። ማቲንም። ኢ/ር ዮ. ያን ዕለት ነፍስ አድኑን እንዲያስተባብር ከአደጋ መከላከል መ/ቤት የተላከ ሰው ነው።

ከሙት ጋር መከራከር ቀላል ነው፤ መልስ አይሰጥም። እኔ ግን አለሁ። ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ከአ/ምንጭ ስዘግብ ፀጉሬ ሸብቷል። ሰው እንዴት እንደሚወድቅ አውቃለሁ። በስድብ አይወድቅም። በትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው የሚወድቀው።

ይህን ሰው እጥለዋለሁ።

ዕለቱን፣ 11 ሰዓት

እማ ዛሬም ከአልጋዋ አልወረደችም። የሽፈራው ቅጠል ቀቅዬ ሰጠኋት፤ ቀምሳ መለሰችው። ራዲዮው ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ስለ ሙዝ ገበያ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ልጇ ትእዛዝ የማይሰማ ወሮበላ መባሉን ከእኔ አፍ እንድትሰማ አልፈልግም። የምትሰማ ከሆነ ማስተባበያውን ትስማ። በሰውየው በራሱ ድምፅ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሐጂ ሸምሱ መደብር ሄድኩ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና በጅምላ ይሸጣል። ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ አርጅቷል፤ ጋሞኛው ከእኔ ይሻላል። ያን ዕለት ማቲን ጨምሮ የሲቀላን ሰው ጭኖ ዞሎ የወጣው የሱ አይሱዙ ነው። ራሱ ነድቶ።

ገና ከበር ሲያየኝ ገባው። «ማርቲ፣ እንደ ጋዜጠኛ ነው የመጣሽው ወይስ እንደ እህት?» አለ። ሁለቱንም ነኝ አልኩት። «እንግዲያው ሁለት ወንበር አምጡላት» ብሎ ሠራተኞቹን አዘዘ። ለመሳቅ ሞከርን። አልሆነም።

የነገረኝ ይህ ነው። ማንም ሳያዛቸው ተጠራርተው ተጫኑ። ሙዝ ጫኞች፣ መዘምራን፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከነሽርጡ። ሲደርሱ ሐጂ መኪናውን ጠባቡ መንገድ ላይ አቆመው፤ አምቡላንሱ ማለፍ አቃተው። ይህን አልደበቀኝም። «አላህ ይማረኝ፣ ልረዳ ሄጄ መንገድ ዘጋሁ» አለ። ወደ ኋላ እስኪመልሰው ብዙ ጊዜ ጠፋ።

ማንም ስማቸውን አልጠየቀም። የዞሎ ሽማግሌዎች ግን ሥራ ሰጧቸው። ደገኛው ፊት ፊት ይቆፍራል፤ ከተሜው ተሰልፎ አፈሩንና ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል። ከማዶ ያሉ ሴቶች ቆጮና ትኩስ ጎመን ተሸክመው ይመጣሉ። አንዱ ሽማግሌ እጁን ሲያነሣ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ይላል። ቀርከሃ ጭቃው ውስጥ ይሰካና ጆሮ ይደገንበታል፤ የሚተነፍስ ይሰማ እንደሆነ። በዚህ ዓይነት አንዲት እናት ከነሕፃኗ በሕይወት ወጣች። ምሰሶው ተጭኗት ነበር። ማንሻውን ከሥሩ አስገብቶ ያቃናው ማቲ ነው። ሰው እልል ሲል እሱ ሰንሰለቱን እየጠቀለለ ነበር አለኝ ሐጂ። አዎ። እሱ ነው። ጭብጨባ ያሳፍረዋል።

ከዚያ ከላይ ተራራው ላይ ስንጥቅ ታየ። ውረዱ የሚለው ቃል ካፍ ወደ አፍ መጣ። ወረዱ።

ደብተሬ፣ አስምርበት። ወረዱ። ማቲም ወረደ። የአይሱዙውን ጎማ ተደግፎ ሙዝ ላጠ። ያን ጊዜ ጥሩምባ ተነፋ። ከፍ ያለ፣ የማያቋርጥ። የወረደው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ሽቅብ ሮጠ። ማቲ ሙዙን ለሐጂ ሰጠው። «ያዝልኝ ሐጂ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ሙዙን ምን አደረግከው ብዬ ጠየቅኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ሐጂ እጁን ነው ያየው። «መቼ እንደበላሁት አላውቅም» አለ።

ጥሩምባውን ማን ነፋው? ማን አስነፋው? አያውቅም።

የራዲዮው ዓረፍተ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ሐሰት ነው። ቂሜ እንደ እርሾ ነው፤ ዛሬ ኩፍ አለ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዞሎ ወጣሁ። ከጨንቻ ወዲያ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በእግር። ጉም። ብርድ። የተናደው ቦታ ከሩቅ ሲታይ ቆዳው የተገፈፈ ይመስላል። የእንሰቱ ማሳ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም።

ጥሩምባ ነፊው አቶ ዶልባ ይባላሉ። አባታቸውም ነፊ ነበሩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነሥተው ቆሙ፤ እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ። በጋሞኛ ነው ያወራን፤ በአማርኛ አሰፍረዋለሁ።

ስንጥቁ ታይቶ ሰዉ ወርዶ ነበር። ሁሉም ግን አልወረደም። ማዶ የቀሩ ነበሩ። ኢ/ር ዮ. ከገደሉ ወዲህ ቆሞ ይጮኻል፤ የጎርፉ ድምፅ ቃሉን ይበላዋል። ከዚያ ወደ አቶ ዶልባ ዞሮ አንድ እጁን ጨብጦ አፉ ላይ አደረገና በሌላው እጁ ወደ ሰዉ አመለከተ። ንፋ ማለቱ ነው። አቶ ዶልባ በሕይወት ያለ ሰው ተገኘ ብለው አሰቡ። በዚያ ሰዓት ንፋ የሚያሰኝ ሌላ ምን አለ? ባላቸው ትንፋሽ ሁሉ ነፉ።

ውረዱ ለማለት ነው ያስነፋዎት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በኋላ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ጥሩምባ ኑ ነው የሚለው» አሉኝ። ለቃጠሎ ኑ። ለደቦ ኑ። ለለቅሶ ኑ። አነፋፉ ይለያያል እንጂ ሁሉም ኑ ነው። ጥሩምባ የሰማ ሰው ከቀረ ከሰው አይቆጠርም፤ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ሂዱ የሚል የለም ወይ? «ሰው ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል። ማን በጥሩምባ ያባርረዋል?»

ስለዚህ የሆነው ይህ ነው። ሰውየው ለማውረድ አስነፋ። ተራራ ሙሉ ሰው ወጣ። ማቲ ከጎማው ተነሥቶ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ለስሕተት ሰው አይጠላም። አቶ ዶልባ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው የቀረውን ነገሩኝ። ከቀብሩ በኋላ ኢ/ር ዮ. ቤታቸው ድረስ መጥቷል። ስለ ጥሩምባው እንዳያነሡ ለምኗቸዋል። «ለእርስዎም አይበጅም፤ ነፊው እርስዎ ነዎት» ብሏቸዋል። በማግስቱ ራዲዮ ላይ ቀረበ።

ያውቃል። ሲናገር ያውቅ ነበር።

ይህን በስምዎ ልጽፈው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «በማን ስም ትጽፊዋለሽ ታዲያ? ዞሎ ሌላ ነፊ የላትም» አሉኝ።

ስወርድ ጉሙ ተገለጠ። የዓባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል። ሞተረኛው ደስ ያለሽ ትመስያለሽ አለኝ። አዎ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት

ሴቻ፣ ላይኛው ከተማ፣ ቢሮው። ቀጠሮ አልያዝኩም። ኢ/ር ዮ. ከጠበቅኩት በላይ ወጣት ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሴቻ ነው፤ ጋሞኛ ይሰማል እንጂ ደጋ ኖሮ አያውቅም። ወንበር ሳበልኝ፤ ነፍስ ይማር አለ። ማስታወሻዬን ሳወጣ ፊቱ ተለወጠ።

መጀመሪያ ወንድሜን ማን ጠራው ብሎ ጠየቀኝ። እኔን! ማንም ሳይጠራው፣ ሳይሠለጥን፣ ሳይመዘገብ መጣ አለኝ። እንደሱ ያለው ሰው ተራራውን ሞላው። ከቆፋሪው በላይ ቆመው ድንጋይ ቁልቁል የሚያንከባልሉ ከተሜዎች ነበሩ። ይህን ጻፍኩ፤ እውነት ነው፤ ሐጂም ነግሮኛል። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ስንት ሰው እንደወጣ ሳላውቅ፣ ስንት ሰው እንደጠፋ እንዴት ልወቅ? እስኪ ይንገሩኝ!»

ደብተሬ፣ ይህ ጥያቄው ትክክል ነው። ትክክል በመሆኑ የበለጠ ጠላሁት።

ያቺን እናትና ሕፃን ያወጣቸው የተመዘገበ ሰው ነው ወይ አልኩት። የሠለጠኑት መቼ ደረሱ? በማግስቱ። ታዲያ እነዚህ ባይመጡ? «እኔ አላስፈላጊ ናቸው አላልኩም፤ አታጣምሚው» አለ። ከእርስዎ ወደ አንቺ መውረዱ ነው። እሱንም ጻፍኩ። እሱም ስጽፍ አየ።

ከዚያ ለሱ ያስቀመጥኩትን ሰጠሁት። ወንድሜ ሳይጠራ አልሞተም፤ ተጠርቶ ነው የሞተው አልኩ። በጥሩምባ። እርስዎ አስነፍተው።

ከፊቱ ላይ ደም ሲሸሽ አየሁ። ዕድሜ ልኬን የጠየቅኳቸው ሹሞች ሲዋሹ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሲነጩ ግን አላየሁም። አቶ ዶልባን አገኘሽ ወይ አለ፤ አልመለስኩለትም። «እንዲወርዱ ነው! እንዲወርዱ ፈልጌ ነው ያስነፋሁት!» ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። ዘጋችው።

አውቃለሁ አልኩት። ራዲዮ ላይ እንዲህ ቢሉ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣም ነበር። ቻው ሳልለው ወጣሁ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጽሑፉ አለቀ። ርእሱ፦ «ውረዱ ያለው ሰው፣ ኑ ያስነፋው ሰው»። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ፎቶግራፉ። ቅጽል የለበትም፤ አንድም። በመጨረሻው አንቀጽ የራዲዮውን ንግግርና የአቶ ዶልባን ምስክርነት ጎን ለጎን አኖርኩ። ምንም አልጨመርኩም። አንባቢ ራሱ ያንቀው።

አዘጋጃችን ሰለሞን ከአዲስ አበባ ደወለ። የእሑዱ ፊት ገጽ ነው አለ። ሰውየው የሥራ መልቀቂያውን ሰኞ ያስገባል፤ ውርርድ ያዢ አለኝ። አልያዝኩም። ሰኞን ግን በዓይነ ሕሊናዬ ደጋግሜ አየኋት። ልጆቹ ት/ቤት ምን እንደሚባሉ ሁሉ አሰብኩ። አላፈርኩም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ረፋድ

በር ተንኳኳ። ስከፍት የዞሎ ሽማግሌዎች ናቸው። ጋቢ ለብሰው፣ ለዕርቅ እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው። ደጃፋችን ጠጠር ነው። ተንበረከኩበት።

አይደረግም አልኩ። ተነሡ፣ እባካችሁ፣ አባቶቼ ናችሁ። አልተነሡም። የኢ/ር ዮ. አባት የደጋ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ናቸው የላኳቸው። ልጁ ሁሉንም ነግሯቸዋል። ሊነግራቸው የቻለው ጋዜጣው እንደመጣበት ስላወቀ ነው፤ ያን ሣር ያስቆረጠው ጸጸት አይደለም አልኳቸው። ፊት ያሉት ሽማግሌ አልተከራከሩኝም። «ፍርሃትም ሰውን ወደ ደግ ደጅ ይመራዋል» አሉ። ጉልበታችሁ ይደማል ብላቸው፦ «ግድ የለም ልጄ፣ ዞሎ ከዚህ የባሰ ድንጋይ አለ።»

አልቀበልም አልኩ። ሦስት ቃል አይደለም፤ አንዷ በቂ ናት። አልቀበልም።

ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። እማ። ከቀብሩ ወዲህ ከአልጋ ያልወረደች ሴት። በጎኔ አልፋ ሄደች፤ ጎንበስ አለች፤ ከፊተኛው ሽማግሌ እጅ ሣሩን ተቀበለች።

ጮህኩባት። ሰው ፊት፣ እናቴ ላይ ጮህኩ። የማቲን ደም ሸጥሽው አልኳት። አላኮረፈችም። በጋሞኛ፣ በዝግታ፣ «አንድ ልጅ ነው የቀረኝ። እሷን ለቂም አልሰጥም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ሐሙስ ዱቡሻ ላይ፣ ነገር በሚታይበት ሜዳ፣ ሰውየው ቆሞ ይናገራል። ሄዱ። ጠጠሩ ላይ ጥቂት ሣር ቀርቷል። አልጠረግኩትም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ከእማ ጋር አንነጋገርም። ሣሩን ከበሩ መቃን ላይ ሰክታዋለች።

ሣር ተቀብሎ ቂም የያዘ ቤት ጎሜ ይገባበታል። ጎሜ ማለት ርግማን ቢሉት ይቀላል፤ የተሻረ ሕግ የሚያመጣው መከራ ነው፤ በሻሪው ብቻ ሳይሆን በወገኑም ይመጣል። እኔ የቸርች ልጅ ነኝ። በጎሜ አላምንም። ነገር ግን የሚያምኑ ሰዎች ናቸው ያሳደጉኝ፤ ጎሜ ነው ብላ ሌባ ጣቴን ሰው ላይ እንዳልቀሥር ያስተማረችኝ እማ ናት።

ለሰለሞን ደውዬ እስከ ሐሙስ ያዘው አልኩት። ምክንያቱን ነገርኩት።

«ሣር? ማርታ፣ ሚኒስትር ያልፈራሽ ሴትዮ ሣር ፈራሽ?»

ሣሩን አይደለም፤ እናቴን ነው አልኩ።

«እናትሽ ጋዜጣ ታነባለች?»

አታነብም።

«ታዲያ!»

ታዲያ ምን እንደምለው አላውቅም። የፊት ገጹን ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ጽሑፉ ግን አለ። አልሰረዝኩትም። ሐሙስ አንዲት ቃል ቢያጎድል፣ ሣር ሆነ ሽማግሌ አያድነውም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዱቡሻ። በትልልቅ ዛፍ የተከበበ ሜዳ። ሁሉም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የሚናገር ብቻ ይቆማል። ማንም አያቋርጠውም። ሐጂ ሸምሱ በአይሱዙው ከሲቀላ የሟች ቤተሰቦችን ይዞ መጣ። መኪናውን በጣም ሩቅ፣ ከመንገድ ውጭ አቆመው። እማም መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። አልራቅኩም፤ አልተጠጋሁም።

ኢ/ር ዮ. ቆመ። ክራቫት አላሰረም። ጀመረ፦ በዕለቱ የነበረው የቅንጅት ክፍተት፣ የመረጃ ልውውጥ ውስንነት...

ፊተኛው ሽማግሌ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ። ሰው እንደማይቋረጥ ነግሬሃለሁ፤ እሳቸው ግን አቋረጡት። «ልጄ፣ ይሄ የራዲዮው ነው። ራዲዮ ሰምተናል። እዚህ በአፍህ ተናገር» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

በአፉ ተናገረ። በሰባራ ጋሞኛ፣ ሲያቅተው በአማርኛ። ማዶ የቀሩትን ማውረድ ፈልጎ ነበር። ጥሩምባ እንደ ፉጨት መሰለው፤ ሲነፋ ሰው የሚሰበሰብና የሚወርድ መሰለው። ሰው ሽቅብ ሲሮጥ ሲያይ ተመለሱ እያለ ጮኸ፤ ድምፁ አልደረሰም። አፈሩ ሲመጣ አየ። ከዚያ ፈራ። አለቆቹን ፈራ፣ የሟች ቤተሰብን ፈራ። ሙት አይመልስም ብሎ በሙት አሳበበ። «ትእዛዝ አላከበሩም ያልኩት ውሸት ነው። ወርደው ነበር። ማቴዎስ ወርዶ ነበር፤ ዓይኔ አይቶታል። የመለስኩት እኔ ነኝ።»

የወንድሜን ስም አወቀው። ይህን አልጠበቅኩም።

አቶ ዶልባ ተነሡ። የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ከሱ ጋር ቁጠሩኝ አሉ። የማዶ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ።

ሽማግሌው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ቆምኩ። ከቤት ስወጣ አዘጋጅቼ ነበር፦ ሥራውን ይልቀቅ። አፌን ስከፍት ግን ሥራውን ቢለቅ አዲስ አበባ ሄዶ ሌላ ሥራ ይይዛል ብዬ አሰብኩ። ይረሳል። በዓመቱ ማቲን የሚያስታውሰው እኔና እማ ብቻ እንሆናለን። ቅጣት አይደለም ያ። ዕረፍት ነው።

ስለዚህ ስለ ጥሩምባው ተናገርኩ። ነገ ሌላ ተራራ ይናዳል። ሰዉ ሳይጠራ ይመጣል፤ ይምጣ፤ መንግሥት በማግስቱ ሲደርስ እሱ ዛሬ ይደርሳል። ግን ተመለሱ የሚል የጥሩምባ ምት ከሌለ እንደ ማቲ እየወረደ እንደገና ይወጣል። አቶ ዶልባ ይፍጠሩልን። ሽማግሌዎች ተጠጋግተው መከሩ። አባቶች ያልነፉትን መንፋት ይቻላል ወይ ተባለ። ረጅም ክርክር ነበር፤ ሐጂ ሸምሱ እንቅልፍ ወሰደው። በመጨረሻ ይቻላል ተባለ። አቶ ዶልባ እዚያው ሞከሩ። አጭር፣ አጭር፣ ዝም፤ ከዚያ ቁልቁል የሚወርድ ድምፅ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ሴት ሳታስበው ተነሥታ መሄድ ስትጀምር ሁሉም ሳቀ።

ይህን ለየተራራው ማን ያስተምር የሚል ጥያቄ መጣ። ወጣቶች ይላኩ አሉ።

እሱ ያስተምር አልኩ። ጣቴን አልቀሠርኩም። በእግሩ፤ ከተራራ ተራራ፣ ከገበያ ገበያ። ጨንቻ፣ ምዕራብ ዓባያ፣ ካምባ። ከአቶ ዶልባ ጋር። በየደረሰበት ምቱ ለምን እንደተፈጠረ ቆሞ ይናገር። ማን እንዳስነፋ። ማን ወርዶ እንደነበረ፣ ማን እንደተመለሰ። በስም። የሁሉንም ስም።

ኢ/ር ዮ. እስከ መቼ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ዙሪያውን ያሉትን ሸንተረሮች በከዘራቸው አመለከቱ። «ተራራው እስኪያልቅ» አሉ። ዱቡሻው በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ተቀበለ።

ስንመለስ እማ እጄን ያዘች። ቂምሽን ጣልሽው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኋት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሰለሞንን በስልክ አገኘሁት። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጣለው አልኩ፤ ሌላ ላክኩለት። አጭር ነው። ያን ቀን ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሠራ። የቀርከሃው ጆሮ፣ መንገድ የዘጋው አይሱዙ፣ እናትና ሕፃኗ፣ ጥሩምባው። የኢ/ር ዮ. ስም አንዴ ብቻ ይገኛል፤ ዱቡሻ ላይ በገዛ አፉ ካለው ዓረፍተ ነገር አጠገብ። ያን ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ አኖርኩት፤ ፊደል አልነካሁም። ሲናገር ቀድቼዋለሁ፤ ራዲዮውም ያስተላልፈዋል፤ እማ በገዛ ድምፁ ትሰማዋለች።

ሰለሞን ለሰለስሽ አለኝ። ሣሩ ሠራብሽ አለኝ።

አልለሰለስኩም። ጋዜጣ የአንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ ሙዝ ይጠቀለልበታል። ይህ ሰው ግን በየገበያው ቀን፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት ቆሞ፣ የወንድሜን ስም ይጠራል። ምሕረት ብለው ይጥሩት። እኔ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ነገ ቅዳሜ፣ የጨንቻ ገበያ ነው፤ ከዚያ ይጀምራሉ። ዛሬ ከሰዓት ሲቀላ ገበያ ወርጄ ቦቲ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ ለማን ነው አለኝ፤ ለኔ ስለው እግሬን አየ፣ ዕድሜዬን አየ። ሴትዮ፣ ወዴት ነው አለ።

አልነገርኩትም። ኢ/ር ዮ.ም አያውቅም። ገበያው መሀል ሲቆም ከሰዉ ኋላ እቆማለሁ። ከጨንቻ ሲነሣ እነሣለሁ። እስከ ካምባ፣ ከካምባም ወዲያ። ስሞቹን ሲጠራ እሰማለሁ፤ ማቴዎስን የዘለለ ዕለት ከሰዉ ኋላ ወጥቼ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ስሙን እኔ እጠራዋለሁ።